አራት ጊዜ የተሸጠው አሥር ሳንቲም

አንድ አሥር ሳንቲም በበግ ዋጋ ሲሸጥ በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ አይቻለሁ። ያውም አንድ ጊዜ አይደለም። ያውም በአንድ ቀን። ያውም መጨረሻ ላይ ገዥው እኔ ነበርሁ፤ ኪሴ ውስጥ የነበረው ግን ሃያ አምስት ሳንቲም ብቻ ነው። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ሚስቴም ይኼን ታሪክ ስጀምር ተነሥታ ሳህን ማጠብ ትጀምራለች፤ የታጠበውን ሳህን።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። በቀደም ለት ወደ ሐይቁ ወረድሁና ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ከአንዲት ልጅ ለውዝ ገዛሁ፤ መልሱን ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ሰጠችኝ። ዓሣ ከሚሸጡት ጎን ስለተቀመጠች ሳንቲሞቹ እርጥብ ነበሩ። ለውዙን ትቼ ጣቴን አሸተትሁ። እርጥብ ነሐስ፣ የጣና ውኃ፣ ትንሽ የዓሣ ቅርፊት። ልጅቷ "ጋሼ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኋት። ደህና መሆኑንስ ደህና ነኝ፤ ግን በዚያች ሰዓት አምስተኛ ክፍልን የጨረስሁ ልጅ ሆኜ ነበር።

የዚያን ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ከቤት የምታስወጣኝ ሰበብ ፈለገች። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ስለነበረ ቀን ቀን ይተኛል፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥ የምችል ልጅ አልነበርሁም፤ ዛሬም አይደለሁም። ስለዚህ ለእማሆይ ማንጠግቦሽ ሰጠችኝ። እማሆይ ከጀልባ ማቆሚያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዋንዛ ሥር፣ የደብራችንን ዣንጥላ ዘቅዝቀው የሚቀመጡ መነኩሲት ነበሩ። ቆብ ሳይጭኑ በፊት ይፋግ ገበያ የታወቁ የቅቤ ነጋዴ ነበሩ አሉ። ምንኩስናው ሀብታቸውን ሁሉ አስጣላቸው፤ ምላሳቸውን ግን አላስጣላቸውም።

ከታንኳ ማገዶ ተሸክሞ የወረደው ሳንቲም ይወረውራል፣ ባለ ጋሪው ሳያቆም ይወረውራል፣ ከአውቶቡስ መስኮት ይወረወራል። እኔ ዣንጥላው ውስጥ ያልገባውን ከጭቃው እለቅማለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዣንጥላው ሰሌን ላይ ይገለበጥና ሳንቲሙን በየዓይነቱ መለየት የኔ ሥራ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ሳንቲም አሽትቼ የማን እንደሆነ መናገር ጀመርሁ። ዓሣ ሻጩ ይታወቃል። የላምባ ነጋዴው ከሩቅ ይታወቃል። የቅቤ ነጋዴዎቹ ሳንቲም ከጣት ያመልጣል። አንድ ቀን አንዱን አንሥቼ አሸተትሁና "ይኼ የአረቄ ቤት ነው" ስል፣ እማሆይ ተቀብለው አሸተቱት፤ "ንስሐ ገብቶ ነው እንግዲህ" ብለው ከሌላው ጋር ቀላቀሉት።

ሥዕሎቹን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አያቸዋለሁ። ሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሡት ሰውዬና ሴትዮ ሠርግ ቤት እስክስታ የሚወርዱ ይመስሉኝ ነበር። አምስቱ ላይ ያለውን ባለ ጠመንጃ "አምስት" የሚለውን ቁጥር የሚጠብቅ ዘበኛ አድርጌው ነበር፤ ቁጥሩን ማን እንደሚሰርቀው ግን አላሰብሁበትም። አሥሩ ላይ ያለው የደጋ አጋዘን የጎረቤታችን ፍየል ነው ብዬ ለጓደኞቼ ምዬ ተናግሬአለሁ። በሌላው ገጽ ሁሉም ላይ አንበሳው አለ፣ ጎፈሩን ነስንሶ፣ አፉን ከፍቶ። እሱን ግን አልተሳሳትሁበትም። ብዙ ካየሁት በኋላ ማንም ያላየውን አየሁ፤ የአንዳንዱ አንበሳ የአገጭ ጢም እኩል ነው፣ የአንዳንዱ ደግሞ ሁለት ጢሞች ረዝመው ወርደዋል። አባትና ልጅ ናቸው ብዬ ደመደምሁ። ቆይቼ እንደተማርሁት ሳንቲሞቹ በሁለት የተለያየ ማተሚያ ስለተመቱ ነው። ይኼን በዓለም የሚያውቁ ሰዎች መጽሐፍ አገላብጠው ነው ያወቁት። እኔ ዋንዛ ሥር ተቀምጬ ነው።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። በከተማችን ባለሱቅ እንቢ ያለው ሳንቲም ሁሉ መጨረሻው ታቦት ደጅ ነው። የተጣመመ፣ የተበሳ፣ ቁጥሩ የጠፋ፣ ጎኑ የጎደለ ሳንቲም የያዘ ሰው ሁለት ሱቅ ይሞክርና ሦስተኛው ላይ ሲያፍር በድንገት መንፈሳዊ ይሆናል። እማሆይ ዣንጥላው ውስጥ እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ወደ ሰማይ አንጋጠው "ዓይን የለህም ብለው'ኮ ነው" ይሉ ነበር። እኔ ግን ወርቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። በአገሩ ያለ ብልሽት ሁሉ በእግሩ ተራምዶ እኔ ዘንድ ይመጣል።

መለየቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በንግድ ዘመናቸው ጠገራ ብር ሲቀበሉ ላዩ ላይ የተሣለችውን የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ ፍሬ በጥፍራቸው ሳይቆጥሩ ቅቤ አስረክበው አያውቁም። አንድ ጠማማ ሳንቲም ይዤ ስደነቅ ተቀበሉኝና ጠየቁኝ።

"አበጀ፣ ይኼ የተፈጠረበት ነው ወይስ የደረሰበት?"

አልገባኝም። እሳቸው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አስዳሰሱኝ። ተጨፍልቆ የወጣ ስለታም ነገር ነበረው። "ጎማ ረግጦታል፤ የደረሰበት ነው። የደረሰበት ሁሉ ጠባሳ አለው። የተፈጠረበት ግን ለስላሳ ነው፤ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንቲሙን ብቻ ሳይሆን የሰፈራችንን ሰው ሁሉ እንደዚያ እከፋፍል ነበር። የጋሪ ነጂው አንካሳ እግር የደረሰበት፤ የአጎቴ ንፉግነት የተፈጠረበት።

ስምምነታችን ይኼ ነበር፦ ደህና ሳንቲም አስገባና ክፉውን ውሰድ፣ ታቦት አይከስርም። ስለዚህ የዳቦ ሳንቲሜ ሁሉ ወደ ዣንጥላው ሄደ፤ እኔም ከሳሁ። ክፉዎቹን የማጠራቅምበት የዱቄት ወተት ጣሳዬ ግን ወፈረ። ስም የሚያወጣልኝ ሰው ስላልነበረ ራሴ አወጣሁላቸው። ጎኑ እንደተገመጠ የጎደለው "ጨረቃ" ነው። ጽሑፉ ተደራርቦ የወጣው "መንታ" ነው። ስታገላብጠው አጋዘኑ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ተንጋዶ የሚወጣው "ሰካራም"። ማሽኑ ጨርሶ የረሳው ልሙጡ ደግሞ "መነኩሴ"፤ ይኼንን እማሆይ አልወደዱትም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዝናብ አባርቶ ሐይቁ የቡና በወተት ቀለም ይዞ፣ ሰሌኑ ላይ አንድ አሥር ሳንቲም አነሣሁ። ባንዱ ገጽ አንበሳው አለ። ገለበጥሁት። ፍየሏ፣ ይቅርታ፣ አጋዘኑ የለም። ቁጥርም የለም። በአጋዘኑ ፈንታ ያው አንበሳ፣ ግን ወደ ውስጥ የሰመጠ፣ ፊቱንም ወደ ሌላ ያዞረ። አንደኛው ከብረቱ የወጣ፣ ሁለተኛው ወደ ብረቱ የገባ። ጠርዙን ዳሰስሁ። ለስላሳ ነው። የተፈጠረበት! እማሆይ አይተው አማተቡና "ስንት ነው ይኼ ታዲያ?" አሉ። በመጠኑ አሥር ነው አልኋቸው። ደህና አሥር አስገባሁና ወሰድሁት።

ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሦስት ቀን ሙሉ ይዤው ተኛሁ። አባቴን የሌሊት ሥራ ሊገባ ሲል ጠየቅሁት፤ እሱ ጫማውን እያሰረ፣ ማሽን ሲደጋግም የፊተኛው ሥራ ሳይወርድለት ሌላው ከመጣ የፊተኛው ኋለኛውን ያበላሸዋል፣ ፋብሪካም ውስጥ አለ ብሎኝ ሄደ። እኔ ሐይቅ ዳር ወረድሁ። አንድ ደህና ሳንቲም በአንበሳው በኩል እርጥብ ጭቃ ላይ ተጫንሁ። ሳነሣው ጭቃው ላይ የሰመጠ፣ ፊቱን ያዞረ አንበሳ ተኝቷል። የኔው አንበሳ! የፊተኛው ሳንቲም ከማተሚያ ማሽኑ መዶሻ ላይ አልወርድም ብሎ ተጣብቆ፣ ተከታዩን በፊቱ መትቶታል። እዚያው ጭቃው ላይ ብቻዬን ዘለልሁ። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውዬ እባብ አየህ ወይ ብሎ ጮኾ ጠየቀኝ።

ዝም ብል ኖሮ ይኼ ታሪክ እዚህ ባለቀ ነበር። ግን እኔ ዝም የምል ሰው ነኝ? እቤት ገብቼ እናቴን፣ በኢትዮጵያ ውስጥ የሌለ ነገር ኪሴ ውስጥ አለ፤ በዚህ ቤት ካለው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል፤ እንደሱ ያለ አንድም አይገኝም እያልሁ አደነቆርኋት።

በዚያ ሰሞን እኅቴን የሺን ወባ ጥሏት ነበር። ሌሊት ትንቀጠቀጣለች፣ ቀን ትቃጠላለች፣ እናቴ ከየሺ አልጋ አጠገብ አልተነሣችም። በኋላ መርፌውን ወስዳ ላቡ ሲወጣላት፣ ፍርፍር አምጡልኝ ስትል፣ እናቴ አለቀሰች። እኔ ያላወቅሁት ነገር፣ የሺ በባሰባት ለት እናቴ "ልጄን ካተረፍህልኝ በቤቴ ካለው ሁሉ የተለየውን እሰጥሃለሁ" ብላ ተስላ ነበር። በቤታችን ደግሞ ከአንድ አልጋ፣ ከአንድ ቁም ሣጥንና ከሁለት ዶሮ በቀር ምንም የለ። ምኑ ነው የተለየው ብላ ዙሪያውን ስታይ ከርማ፣ በደብራችን ንግሥ ዋዜማ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ አገኘችው።

እኔ ይኼን ሁሉ የሰማሁት በንግሡ ዕለት ነው። ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ እንደ ልማዱ የስለቱ ጨረታ ቅጥር ግቢው ውስጥ ተጀመረ። አጫራቹ መሪጌታ እንየው ናቸው፤ ድምፃቸው ከዚህ ተነሥቶ ማዶ ያለ ጉማሬ ያስደነግጣል። ዣንጥላ ተሸጠ፣ ጧፍ ተሸጠ፣ አንድ አውራ ዶሮ ሁለት ጊዜ አምልጦ ተሸጠ። ከዚያ መሪጌታ ሁለት ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። በጣቶቻቸው መካከል ትንሽ ነገር ብልጭ አለች።

"አንዲት እናት ስለ ልጇ ጤና ያስገባችው ነው። አንበሳው ባንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጥቷል። እናንተው ፍረዱ።"

ኪሴን ዳበስሁ። ከሃያ አምስት ሳንቲም በቀር ምንም የለም። እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሺን በእጇ ይዛ፣ ደስ ብሏት ቆማለች። ሳንቲሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ የሰመጠውን ሳመ፣ ሌላው የወጣውን ሳመ። መሪጌታ በግእዝ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ያልገባን ሁሉ እልል አልን።

መጀመሪያ አንድ የአባቴ አለቃ በአምስት ብር ገዛው። ሞትሁ አልሁ። እሱ ግን እንደ ወጉ ገንዘቡን ከፈለና "መልሼ ለታቦቱ ሰጥቻለሁ" አለ። ተረፍሁ። የሴቶች ማኅበር በዐሥራ አምስት ገዛው። ሞትሁ። እነሱም መለሱት። ተረፍሁ። እንዲህ እየሞትሁ እየተነሣሁ ሳለ ከይፋግ የመጡት የሩዝ ነጋዴ አያ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ሲገቡበት ሌላው ሁሉ ወጣ። ሠላሳ ብር፣ የዚያን ጊዜ የበግ ዋጋ፣ ሲሉ መሪጌታም ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ይባረክልዎ። መልሼ ሰጥቻለሁ እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም። ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው ጎናቸው ያለውን ሰው፣

"በመሰርሰሪያ አስበስቼ አይሱዙዬ መስታወት ላይ ነው የማንጠለጥለው" አሉት።

ልበሳው ነው የሚሉት! ከእናቱ ሆድ ለስላሳ ሆኖ የመጣውን፣ ጠባሳ ሊያወጡበት! እግሬ ሳያስፈቅደኝ ሕዝቡን ሰንጥቆ አያ ፈንቴ ፊት አቆመኝ።

"አያ ፈንቴ፣ አይብሱት። ተአምር አይደለም። ስህተት ነው።"

የግቢው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እልልታ ሲቋረጥ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያላየ አያውቀውም። እናቴ የሺን እጅ ለቀቀች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ማን ነው ስህተት ነው ያለህ አሉኝ። "ጭቃው" አልኋቸው። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ተንበርክኬ፣ በሃያ አምስት ሳንቲሜ አንበሳ እዚያው የግቢውን ጭቃ ተጫንሁትና አነሣሁት። የሰመጠው፣ ፊቱን ያዞረው አንበሳ ተኝቷል። ሳንቲሞቹ እንዴት እንደሚመቱ፣ የፊተኛው እንዴት እንደተጣበቀ፣ ሁሉንም ተናገርሁ። በመካከሉ ስለ አንበሶቹ ጢምም ጨማምሬ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

አያ ፈንቴ ጭቃውን አዩ፣ ሳንቲሙን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሆዳቸው ቀድሞ መሳቅ ጀመረ፣ እሳቸው ተከተሉት።

"ከአፌ የወጣውን ገንዘብ አልመልስም" አሉ። "ግን ሠላሳ ብር ከፍሎ ስህተት ገዝቶ መጣ ብላ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም። መልሼ ሰጥቻለሁ።"

መሪጌታ ለአራተኛ ጊዜ አነሡት። "እንግዲህ ስህተት የሚገዛ!" አሉ። ማንም የለም። በገዛ አፌ ዋጋውን መሬት ጥዬዋለሁ፤ ይኼን ዛሬ ብልጠት ነው እላችኋለሁ፣ በጊዜው ግን አላሰብሁበትም። ጭቃ የነካውን ሳንቲሜን አነሣሁና ሃያ አምስት አልሁ። መሪጌታ አንዴ፣ ሁለቴ ብለው ሦስቴ ሊሉ ሲሉ ከሴቶች መቆሚያ በኩል የማውቀው ድምፅ መጣ።

"ሃምሳ" አሉ እማሆይ ማንጠግቦሽ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጣሳዬን ጨምሬ እሰጣለሁ አልሁ። ጣሳህ ውስጥ ያለው'ኮ ሁሉም ከኔው ዣንጥላ የወጣ ነው አሉኝ፤ ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። ሌላ ምን አለኝ? እጄን አየሁት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እለቅማለሁ። እስከ መስቀል።"

"ከዚያስ?" አሉ።

"እስከ ገና።"

"ከዚያስ?"

"እስከ ፋሲካ፣ እማሆይ።"

"ሁዳዴን በጾም ከለቀምህማ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው።"

"እስከሚመጣው ንግሥ" አልሁ።

"ሃምሳዬን አንሥቻለሁ" አሉ። መሪጌታም ሦስቴ አሉ።

ሳንቲሙ መዳፌ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያየሁት እናቴን ነው። አልሳቀችም። ሰው ሁሉ እየሳቀ እሷ ብቻ ቆማ ነበር፣ እጇ ባዶ ሆኖ።

"ስለቴን ስህተት አልኸው" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

እማሆይ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡና በመካከላችን ቆሙ። "ዘነቡ" አሏት፣ "ይኼን ያህል ዓመት ደጅ ስጠና አራት ጊዜ የተሸጠ ስለት አላየሁም። የሳተው ማሽኑ ነው። የሺን ያተረፈው አልሳተም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንተ ደግሞ ቅዳሜ እንዳታረፍድ" አሉኝ።

እናቴ የሺን አቀፈቻትና፣ በነጠላዋ ጫፍ ከጉልበቴ ላይ ጭቃውን ጠረገችልኝ፤ ቆዳዬ እስኪላጥ ድረስ ጠረገችው። ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ቁጣ ነበር። ዓመቱን ሙሉም አንድ ቅዳሜ ሳታስቀር ራሷ እየቀሰቀሰች ወደ ዋንዛው ሰደደችኝ።

አላመናችሁኝም አይደል? ጥሩ። ይፋግ ሂዱና የአያ ፈንቴን ቤት ጠይቁ፤ አርጅተዋል፣ ግን ሳቃቸው ቤቱን ያሳያችኋል። መሪጌታ እንየውን ጠይቁ፤ ያን ግእዝ ይደግሙላችኋል፤ ከገባችሁ ለኔም ንገሩኝ። የሺን ጠይቋት፤ ጋዜጠኛ አትወድም እንጂ ለሌላው ትናገራለች። አንበሳውን ራሱን ልይ ያለ ዘንዘልማ ቤቴ ይምጣ፤ ማየት ይቻላል፣ ማጠብ ግን ክልክል ነው። እናቴም እዚያው ከኔ ጋር አለች፤ እሷንም ጠይቋት፣ ከኔ አስበልጣ ትነግራችኋለች። ብቻ በሷ ፊት ስህተት የምትለዋን ቃል እንዳታነሡ። ያነሣ ሰው እንደኔ የዓመት ቅዳሜውን እንዳጣ ይቁጠረው።